ግሽ ዓባይን የለካው ተጓዥ፦ የጀምስ ብሩስ ሕይወትና የተወው መዝገብ

ግሽ ዓባይ በአማራ ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በሰከላ ወረዳ የምትገኝ የዓባይ ወንዝ መነሻ ናት። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ደጋውን የሚወጣ መንገደኛ ምንጩን የሚያገኘው በረግረጋማ ሣር መካከል ነው። ሥፍራው ከአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ጸበል በመሆኑ ምእመናን ከሩቅም ከቅርብም ይመጡበታል።

በአንድ አካባቢ የትኞቹ ዕፅዋትና እንስሳት እንዳሉ፣ ምን ያህል እንደሆኑና በምን ዓይነት መኖሪያ እንደሚገኙ መዝግቦ መያዝ ዛሬ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መሠረት ሆኗል። ይሁን እንጂ ስለ ለውጥ ለመናገር የዛሬው መረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ከትናንቱ ጋር የሚነጻጸር መዝገብ ያስፈልጋል። ለዓባይ መነሻና ለጣና አካባቢ ከሚገኙት ቀደምት መዛግብት አንዱን የተወልን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን፣ የለካውንና የመዘገበውን፣ እንዲሁም በመዝገቡ ላይ የታየውን ጉድለት በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድና ትምህርት

ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤድንብራ ሕግ ማጥናት ቢጀምርም ትምህርቱ ከዝንባሌው ጋር ባለመስማማቱ አልገፋበትም። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባ። ነገር ግን ባለቤቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ በፓሪስ ታማ አረፈች። ብሩስ ከዚህ ኀዘን በኋላ ፊቱን ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት አዞረ። በስፔንና በፖርቱጋል ተዘዋወረ፤ ዐረብኛንና ግእዝን አጠና። በኋላ በኢትዮጵያ ያገኘው መስተንግዶና የሰበሰበው ዕውቀት ከዚህ የቋንቋ ዝግጅት ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1763 በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሥራውን ጀመረ። በዚያ ሳለ በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የጥንት ፍርስራሾች የሚሥልለት ባለሙያ በማስፈለጉ ከጣልያን አገር፣ ከቦሎኛ ከተማ የመጣውን ወጣት ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ቀጠረ። የዚህ ሠዓሊ ስም ከታሪኩ ጋር እስከ መጨረሻው የተሳሰረ በመሆኑ አንባቢ ልብ እንዲለው ይገባል። ብሩስ የቆንስልነቱን ሥራ በ1765 ከለቀቀ በኋላ በሊቢያ ጠረፍ መርከቡ ተሰብራ መሣሪያዎቹን አጣ። በዚህ ጊዜ የፈረንሣይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ትልቅ መሣሪያ እንዲሰጠው አደረጉ። ግሽ ዓባይ የተለካችው በዚህ መሣሪያ ነው።

ወደ ጎንደር

ብሩስ በ1768 ግብፅ ገባ። በቀይ ባሕር በኩል ተጉዞ በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በአድዋና በአክሱም አልፎም በየካቲት 1770 ጎንደር ገባ። ጊዜው የመሳፍንቱ ሽኩቻ የተባባሰበት፣ በወጣቱ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ስም ራስ ሚካኤል ስሑል አገር የሚመሩበት ወቅት ነበር። በከተማዋ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ገብቶ ስለነበር የሕክምና ዕውቀት የነበረው ብሩስ በቁስቋም ወደሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተጠራ። የታመሙት የቤተ መንግሥት ልጆች በመዳናቸው የእቴጌይቱንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። በዚያ ያዕቆብ ተብሎ ይጠራ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ሹመትም ተሰጥቶታል።

በጎንደር ቆይታው ብዙም የማይነገርለትን አንድ ሥራ ሠራ። በ1770 በጎንደር፣ በ1771 ደግሞ በቁስቋም የዘነበውን ዝናብ በማጠራቀሚያ ለክቶ መዘገበ። የሙቀትንና የአየር ግፊትን መጠንም በየዕለቱ ጻፈ። በዚያ ዘመን በአገራችን ዝናብ በመሣሪያ ተለክቶ የተመዘገበባቸው ሥፍራዎች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ይህ መዝገብ ዛሬም ዋጋ አለው።

ወደ ግሽ ዓባይ

ብሩስ ወደ ዓባይ መነሻ ለመድረስ ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በግንቦት 1770 ከንጉሡ ጦር ጋር ተጉዞ ጢስ ዓባይን በማየት ተፈጸመ፤ ጦርነቱ ከዚያ በላይ እንዲሄድ አልፈቀደለትም። በጥቅምት ወር መጨረሻ እንደገና ከጎንደር ተነሣ። በዚህ ጊዜ አገሩን የያዙት የዳሞቱ ደጃዝማች ፋሲል ፈቃድ ሰጡት፤ ሻለቃ ወልዶ የተባለ መሪም አብሮት እንዲሄድ አዘዙ። ተጓዦቹ ጣናን በምዕራብ በኩል አልፈው፣ የጉቶን አገር ተሻግረው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 1763 ዓ.ም. ግሽ ደረሱ።

ሻለቃ ወልዶ ምንጩን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ካሳየው በኋላ ሥፍራው የተከበረ በመሆኑ ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው። ብሩስ ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ፤ በመንገዱም ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። የውድቀቱን ምክንያት ከመመዝገብ ግን አልቦዘነም። ኮረብታው አበባ ባላቸው ዕፅዋት ተሸፍኖ ነበር፤ እግሩን የጠለፈውም ከመሬት በላይ የወጣው ሽንኩርት መሰል ሥራቸው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረውን ሥፍራ ባየበት ሰዓት እንኳ የረገጠውን ተክል ማስተዋሉ የዚህን ሰው ጠባይ ያሳያል።

በግሽ የምንጩ ጠባቂ የነበሩት የአገው ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ ተቀብለው በቤታቸው አሳደሩት። ብሩስ ከእርሳቸው ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሩና በምንጩ ዳር በየዓመቱ ስለሚፈጸመው ሥርዓት ጠይቆ ጻፈ። በረግረጉ መካከል ያሉትን ሦስት ምንጮች አንድ በአንድ ለካቸው፤ ለምሳሌ ሁለተኛው ምንጭ አፉ 11 ኢንች ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ8 ጫማ ይበልጥ ነበር። የሙቀት መለኪያውን በጠዋት፣ በቀትርና በፀሐይ መጥለቂያ አነበበ።

የቦታውን አቀማመጥ ለማወቅም ቀን ፀሐይን፣ ሌሊት ከዋክብትን ተመለከተ። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ መሆኑን ወሰነ፤ ይህ ውጤት ከዛሬው ካርታ ጋር በጣም የተቀራረበ ነው። የምሥራቅ ኬንትሮሱን የጁፒተርን ጨረቃ ጠብቆ ቢያሰላም ሩብ ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ተዛነፈበት። የቦታውን ከፍታም በአየር ግፊት መለኪያ ገምቶ ከባሕር ወለል ከ2 ማይል እንደሚበልጥ ጻፈ፤ የዛሬ ልኬት ግን ወደ 2,700 ሜትር ገደማ በመሆኑ ግምቱ የተጋነነ ነበር። ያም ሆኖ መሣሪያውንና ዘዴውን አብሮ በመጻፉ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች የትኛው ልኬት እንደሚታመንና የትኛው መታረም እንዳለበት ለመለየት ችለዋል።

ዕፅዋትና እንስሳት በመዝገቡ ውስጥ

ብሩስ ከጻፋቸው አምስት ቅጾች የመጨረሻው በአብዛኛው ስለ ዕፅዋትና እንስሳት የሚናገር ነው። በዚህ ቅጽ ጤፍ፣ እንሰት፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ዋጊኖስና ደንገል በሥዕል ተደግፈው ቀርበዋል። ከእንስሳት ጅብ፣ አውራሪስና አሽኮኮ፣ ከአዕዋፍም እርኩም ይገኙበታል። የብዙዎቹን አገርኛ ስም እንደሰማው በመጻፉ አንዳንዶቹ ስሞች በዓለም የሳይንስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብተዋል። በሊማሊሞ ያገኘው ጋጉዲ የተባለ ቁጥቋጦና ዋሊያ ብሎ የመዘገባት አረንጓዴ ርግብ ዛሬም በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ እነዚህን ቃላት እንደያዙ ናቸው። ለተቅማጥ መድኃኒትነት ያገለግል የነበረው ዋጊኖስ ደግሞ በብሩስ ስም ብሩሲያ ተብሏል።

መዝገቡን ለዛሬ አጥኚ ጠቃሚ የሚያደርገው ዝርያው በምን ዓይነት መኖሪያ እንደሚገኝ መግለጹ ነው። ስለ ኮሶ ሲጽፍ የደጋ ዛፍ መሆኑን፣ በቆላ እንዳላየው፣ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያም ከጥድ ጋር ለመንደሩ ሰው ጥቅም ይተከል እንደነበር ገልጿል። ስለ ዋንዛ ሲጽፍ በጎንደር ቤቶች ዙሪያ በብዛት ይተከል እንደነበርና ክረምት ሲወጣ በአንድ ጊዜ አብቦ ከተማዋን ነጭ እንደሚያለብሳት መዝግቧል። ስለ ቀንጠፋ ሲጽፍ ይህ እሾኽ ከመብዛቱ የተነሣ ንጉሡ ለዘመቻ ሲነሡ መንገዱ እንዲመነጠር አዋጅ ይነገር እንደነበር አትቷል። እነዚህ ገለጻዎች በቁጥር የተደገፉ ባይሆኑም ስለ ብዛትና ስለ መኖሪያ የተሰጡ ምስክርነቶች ናቸው።

በዚህ ረገድ ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ ትኩረት የሚስበው የእንሰት ጉዳይ ነው። ብሩስ ከዓባይ በስተ ምዕራብ፣ በሜጫና በጉቶ አገር ሰፊ የእንሰት ተክል እንዳለና ሕዝቡም እንደሚመገበው ጽፏል። ዛሬ በጎጃም ጓሮዎች ተክሉ በአብዛኛው የሚፈለገው ዳቦ ለመጋገሪያ ለሚያገለግለው ለኮባው ነው። በመካከሉ ምን እንደተለወጠ፣ ለምንስ እንደተለወጠ መጠየቅ የሚቻለው አንድ ሰው አይቶ ስለጻፈው ነው። እንዲሁም በምዕራቡ ቆላ፣ በራስ ፊል አካባቢ የታደነው አውራሪስ ዛሬ ከዚያ ምድር ጠፍቷል። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ መጥፋቱ እንኳ ሳይታወቅ ሊቀር ይችል ነበር።

የሊማሊሞው አሞራ ታሪክ ደግሞ ለመረጃ አያያዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተጓዦቹ በተራራው አናት ላይ ምግብ ሲያሰናዱ አንድ ትልቅ አሞራ ያለ ፍርሃት መጥቶ ከመካከላቸው ሥጋ ነጠቀ። ብሩስ አሞራው ተመልሶ ሲመጣ በጥይት ጣለው፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ 8 ጫማ ከ4 ኢንች ወይም 2 ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑንም ለካ። በመጽሐፉ የንስር ዓይነት አድርጎ ቢመድበውም ባለሙያዎች ጢሙን፣ መጠኑንና ሥዕሉን አይተው አጥንት ከከፍታ ጥሎ የሚሰብረው ባለ ጢሙ አሞራ እንደሆነ ለይተዋል። የተሰጠው ስም ቢሳሳትም ልኬቱና ገለጻው በመኖራቸው ስሕተቱ ሊታረም ችሏል።

ከበረሃ የተረፈው መዝገብ

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ ግብፅ አመራ። የኑብያ በረሃ ሊቆርጠው ደረሰ። ግመሎቹ ሲያልቁ መሣሪያዎቹንና ጽሑፎቹን በአሸዋው ላይ ትቶ፣ እግሩ ቆስሎ፣ ነፍሱን ለማትረፍ በእግሩ ወደ አስዋን ገሠገሠ። በኅዳር 1772 መጨረሻ አስዋን ከገባ በኋላ ጥቂት እንዳረፈ የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው ግመሎች ይዞ ወደ በረሃው ተመልሶ የጣለውን ዕቃ መፈለግ ነበር። ዕቃውም በጣለበት ተገኘ። ያ ባይሆን ኖሮ የግሽ ልኬት፣ የጎንደር ዝናብ መዝገብና የዕፅዋቱ ሥዕሎች በአሸዋ ተቀብረው በቀሩ ነበር።

ወደ አውሮፓ ሲመለስ በፓሪስ ዝነኛው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎን በክብር ተቀበለው፤ ያመጣቸው የዕፅዋት ዘሮችም በንጉሡ የዕፅዋት ማሳ ተዘሩ። ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄዳቸው የግእዝ መጻሕፍት መካከል መጽሐፈ ሔኖክ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ከፍተኛ መነጋገሪያ ሆነ። በ1774 ለንደን ሲደርስ ግን የጠበቀው አቀባበል አልተደረገለትም። ብዙዎች የተናገረውን ተረት አድርገው ቆጠሩበት፤ እርሱም ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ።

የተሰወሩት ስሞች

የብሩስን ሥራ የሚያነብ ሁሉ ጉድለቱንም ማወቅ አለበት። ሉዊጂ ባሉጋኒ ከአልጀርስ እስከ ጎንደር ያልተለየው፣ ዕፅዋቱን በጥንቃቄ የሣለ፣ የአየር ሁኔታውን መዝገብ በመያዝ የረዳ ሠዓሊ ነበር። በ1771 መጀመሪያ በጎንደር ታሞ አረፈ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰለ፤ ባሉጋኒም ወደ ግሽ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። እውነቱ የወጣው ብሩስ ካረፈ በኋላ፣ አሌክሳንደር መሪ የተባሉ ምሁር በ1805 የታተመውን ሁለተኛ እትም ሲያዘጋጁ ነው። ምሁሩ በባሉጋኒ እጅ በጣልያንኛ የተጻፈውን የጉዞ ማስታወሻ ስላገኙ ሠዓሊው ግሽ ድረስ አብሮ መሄዱ ተረጋገጠ።

ሁለተኛው ጉድለት ከእርሱ በፊት የነበሩትን መካዱ ነው። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል። ብሩስ ለቀዳሚነት ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ለማስተባበል ብዙ ገጾች አጥፍቷል። ለአገሩ ሰው ግን የዓባይ ምንጭ ተሰውሮ የኖረበት ጊዜ የለም፤ የአገው ሕዝብ ሲያከብረው፣ ሲጠብቀውና ሲጠጣው ኖሯል። ብሩስን ወደ ሥፍራው ያደረሰውም የአገሬው መሪ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ከመዘግየት የመጣ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1790፣ ወደ አገሩ በተመለሰ በ16ኛው ዓመት ነበር። ብሩስ በዕለቱ የያዘውን ማስታወሻ በየጊዜው ከማገላበጥ ይልቅ ከትዝታው እየተረከ ለጸሓፊ በማስጻፉ አንዳንድ ቀኖችና ድርጊቶች ተዛብተዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲያገኙ የሚያምኑት በሥፍራው የተጻፈውን ማስታወሻ ነው።

የመጨረሻ ዓመታቱ

ብሩስ በ1776 ሜሪ ደንዳስን አግብቶ ልጆች ወለደ። ባለቤቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ወዳጆቹ ኀዘኑን እንዲረሳ በማሰብ መጽሐፉን እንዲጽፍ ገፋፉት። በስናር በረሃ፣ በጎንደር ጦርነትና በቀይ ባሕር ማዕበል ያልሞተው ይህ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ አንዲት እንግዳ ለመሸኘት ሲቻኮል ወደቀ፤ በማግስቱም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1794 በ63 ዓመቱ አረፈ። ከቤቱ ብዙ በማይርቀው በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የሄዱ ተጓዦች አብዛኛው ትረካው እውነት መሆኑን መሰከሩ። ሥዕሎቹም በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የዕፅዋቱ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ መጽሐፍ በባሉጋኒ ስም ለአንባቢ ቀርበዋል።

ለዛሬ ሥራ ያለው ትምህርት

ከብሩስ ዘመን ወዲህ የአገራችን የዕፅዋት ጥናት ከአንድ ተጓዥ ማስታወሻ ወደ ተደራጀ ብሔራዊ ሥራ ተሸጋግሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ናሙና ማከማቻ ከአገሪቱ ማዕዘናት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ይዟል። ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያንና በውጭ ምሁራን ትብብር የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ 6,000 ያህል ዝርያዎችን በ8 ቅጾች ገልጿል። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ዘሮችንና ናሙናዎችን ከነመረጃቸው ይጠብቃል። የዛሬ አጥኚ ብዙ ወይም ጥቂት ብሎ አያልፍም፤ የተወሰነ ስፋት ያለው የናሙና ቦታ ለይቶ በውስጡ ያለውን ይቆጥራል፣ በቀጥታ መስመር እየሄደ ያየውን ይመዘግባል፣ ከዓመታት በኋላም ወደዚያው ቦታ ተመልሶ በዚያው ዘዴ ይቆጥራል።

ይህ ሁሉ ቢሻሻልም አንድ መዝገብ ሊይዛቸው የሚገቡ መሠረታዊ ነጥቦች በብሩስ ታሪክ ውስጥ ተጠቃለው ይታያሉ። እነርሱም የታየበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የመኖሪያው ዓይነት፣ የተለካበት መሣሪያና ዘዴ፣ አገርኛው ስም፣ እንዲሁም ያየው፣ የቆጠረው፣ የሣለውና መንገድ የመራው ሰው ስም ናቸው። ብሩስ የመጀመሪያዎቹን በማሟላቱ መዝገቡ ከ250 ዓመታት በኋላ ያገለግላል፤ የመጨረሻውን በማጉደሉ ግን እውነት በተናገረበት ነገር ጭምር ለረጅም ዘመን ሲጠረጠር ኖሯል።

በዛሬዋ ሰከላ አንድ የግብርና ባለሙያ ከአንድ አርሶ አደር ጋር ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉትን የኮሶ ዛፎች ሲቆጥርና በቅጹ ላይ ሲያሰፍር፣ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. በዚያው ምድር በጀመረው መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ይጨምራል። በቅጹ ላይ የቆጠረውን ሰው ስም ከነአርሶ አደሩ ስም አስተካክሎ መጻፍ፣ ማስታወሻውንም ሳይዘገዩ ወደ መረጃ ቋት ማስገባት የሥራው ክፍል ሊሆን ይገባል። ከዘመናት በኋላ ስለ ግሽ ዓባይ ደን፣ ረግረግና አዕዋፍ የሚጠይቅ ትውልድ መልስ የሚያገኘው ዛሬ በትክክል ከተጻፈው መዝገብ ነው።